የአንድ እሑድ ምሳ

በ1916 ዓ.ም. ኅዳር 22 ቀን፥ በአሜሪካ ብዙ ቤተ ሰቦች የእሑድ ምሳቸውን ትተው ወላጅ አልባ ልጆች የሚመገቡትን ቀላል ምግብ ቀመሱ፤ ከማዕዳቸው የተረፈውን ሒሳብም ለቅርብ ምሥራቅ የርዳታ ማኅበር ሰጡ። በየከተማው የነበሩት ኮሚቴዎች ያገለገለ ልብስም ይሰበስቡ ነበር። ከዕልቂት የተረፉ የአርመን ልጆች በማሳደጊያዎቹ ጫማ መስፋት፥ አናጢነትና ሽመና ተማሩ። ዱቄትና ልብስ ያልቃሉና ነጋዴ ይልቁንም የሚያደንቀው ይህን ሞያ ማስተማር ነው።

በዚያው ዓመት አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም ተጠግተው ሙዚቃ የሚነፉ ወላጅ አልባ ልጆችን አዩ፤ 40ውንም ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። ናልባንዲያንም እስከ 1967 ዓ.ም. የተዘመረውን የብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ።