መዝገብ ቤቱን እንወቀው

በአዲስ አበባው ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከአጠና ተራ እስከ ካራ ቆሬ፣ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ደርሶ የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። መታወቂያ ለማደስ፣ የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት፣ ግብር ለመክፈል፣ የይዞታ ጉዳይ ለመከታተል ሁላችንም ተሰልፈናል። መዝገብ ቤት የምትባለውን ክፍል ልብ ብሎ ያያት ባለጉዳይ ግን ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከኮሪደሩ ጫፍ ናት። ከሠራተኛ በስተቀር መግባት ክልክል መሆኑ በሯ ላይ ተለጥፏል፤ ውስጧ ከወለል እስከ ጣሪያ ፋይል ነው። ኃላፊ ይመጣል፣ ኃላፊ ይሄዳል፣ የጽሕፈት ቤቱ ስም ሳይቀር ይለወጣል። ትናንት ምን እንደተወሰነ፣ ማን እንደፈረመ፣ ለማን እንደተጻፈ የምታስታውሰው ይህች ክፍል ብቻ ናት። የሚገባትን ክብር አግኝታ አታውቅም፤ ስለዚህ ዛሬ ላስተዋውቃችሁ።

ከዚያ በፊት ግን መረጃ የማግኘት መብታችንን በአጭሩ ልለፈው። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 መረጃ የመጠየቅና የማግኘት መብትን ያረጋግጣል፤ አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዝዛል። ዝርዝሩ ያለው መገናኛ ብዙኃንንና መረጃ የማግኘት መብትን አብሮ በደነገገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። በአዋጁ መሠረት ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለ መረጃ መጠየቅ ይችላል፤ ወረዳም ክፍለ ከተማም የመንግሥት አካል ናቸው። ጥያቄው የሚቀርበው ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ሲሆን መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። የሌላ ሰው የግል መረጃ፣ የአገር ደኅንነትን የሚነካ ጉዳይና የመሳሰለው በልዩ ሁኔታ ተጠብቋል። አንዳንዶች «590 እኮ ተሽሯል» ይላሉ። የተሻረው የመገናኛ ብዙኃኑ ክፍል ነው። አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ያንን ሲተካ መረጃ የማግኘት መብትን የሚመለከተውን ክፍል አልነካውም።

የራስን ምስክር ወረቀት ማውጣት ከዚህ የቀለለ ሥራ ነው። ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በወረዳው የሲቪል ምዝገባ ክፍል ይመዘገባሉ። ልደት በ90 ቀን፣ ሌሎቹ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለባቸው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ፣ ማለትም ስለ ልደት፣ ጋብቻና ሞት መዝገብ፣ በሰፊው ቢደነግግም፣ ያው ሕግ በአንቀጽ 3361 አፈጻጸሙን ላልተወሰነ ጊዜ አቆይቶት ነበር። በመላ አገሪቱ የሚሠራ ምዝገባ የተጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው በልደት ቀኑ የተሞላ ቅጽ ካልተገኘለት ጥፋቱ የወላጆቹ አይደለም፤ በመላ አገሪቱ የሚሠራ መዝጋቢ ራሱ አልነበረም።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። አንድ ማመልከቻ ወረዳ ሲደርስ ምን ይሆናል?

ብዙ ሰው ወረቀቱን ለሚያውቀው ሠራተኛ ሰጥቶ ይወጣል። ይህን እባካችሁ ተዉት። ማመልከቻ የሚገባው በመዝገብ ቤት በኩል ነው። ሠራተኛዋ ትልቁን የገቢ መዝገብ ትገልጥና ተራ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ከማን እንደመጣና ጉዳዩን በአንድ መስመር ታሰፍራለች፤ ያንኑ ቁጥርና ቀን በወረቀቱ ላይ ትደግመዋለች። ወረቀቱ ወደ ኃላፊው ይሄዳል። ኃላፊው ጠርዙ ላይ ጉዳዩን የሚያየውን ክፍል ስም ጽፎና ፈርሞ ይመራዋል። የተመራው ወረቀት እንደገና በመዝገብ ቤት አልፎ ወደዚያ ክፍል ይደርሳል፤ የተቀበለውም ይፈርማል። ስለዚህ «ማመልከቻዬ የት ደረሰ?» ለሚል ሰው ትክክለኛው መልስ በመዝገቡ ላይ ያለች አንዲት መስመር ናት። ቁጥሩን የያዘ ባለጉዳይ መስመሯን በደቂቃ ያገኛታል። ቁጥር የሌለው ሰው ግን «ባለፈው ማክሰኞ ለአንድ ልጅ ሰጥቼ ነበር» ከማለት በቀር የሚይዘው ነገር የለውም።

ማመልከቻ በሁለት ኮፒ የሚጻፈው ለዚህ ነው። አንዱ እዚያ ይቀራል፤ በሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስመትታችሁ ይዛችሁት ትወጣላችሁ። ሕጉ የሰጣችሁ 30 ቀን መቼ እንደጀመረ የምታስረዱበት ወረቀት እሱ ነው።

ደብዳቤ ሲወጣም እንዲሁ ነው። ከላይ በስተቀኝ ቁጥርና ቀን አለ። ቁጥሩ በጽሕፈት ቤቱ ስም አህጽሮት ይጀምርና በእዝባር እየተከፈለ ይሄዳል። ከታች ፊርማ፣ ቲተርና ክብ ማኅተም ያርፍበታል። ከመውጣቱ በፊት በወጪ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ አንድ ቅጂው ፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል።

ልቤን የሚወስደው ግን ከግርጌው ያለው ነው፤ ግልባጭ። ባለጉዳዩ ሁሉ አይቶት ያልፋል። ወረዳው ስለ አንድ ይዞታ ለክፍለ ከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሲጽፍ ከግርጌ ይዘረዝራል፤ ግልባጭ ለዋና ሥራ አስፈጻሚ፣ ግልባጭ ለቤቶች ጽሕፈት ቤት፣ ግልባጭ ለባለጉዳዩ። ከባለጉዳዩ በቀር እያንዳንዱ ተቀባይ የራሱ መዝገብ ቤት አለው፤ እያንዳንዱም መዝገብ ቤት ደብዳቤውን በገቢ መዝገቡ ላይ አስፍሮ በራሱ ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል። አንድ ደብዳቤ በአንድ ቀን በአራት ቤት ተቀመጠ ማለት ነው። አንዱ ቤት ጣሪያው ቢያፈስ፣ አንዱ ቢሮ ሲቀይር ካርቶን ቢጥል ሌሎቹ አሉ።

ሰው ሁሉ የሚሸነፍበት አንድ መልስ አለ፤ «ፋይሉ ጠፍቷል»። ይህን ሲሰማ ባለጉዳዩ ወይ አልቅሶ ይመለሳል፣ ወይ ጉዳይ ገዳይ ፍለጋ ይወጣል። ነገር ግን «ፋይሉ ጠፍቷል» ስለ አንድ መደርደሪያ የተሰጠ መልስ ነው። ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት፣ በወጪ መዝገቡ ላይ ቁጥሩ አለ ወይ፣ ለማን ተጻፈ፣ ግልባጩስ ለእነማን ሄደ የሚለው ነው። ፋይል ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ተቀድዶ አይደለም፤ ለሌላ ክፍል ተልኮ ሳይመለስ ቀርቶ፣ በሌላ ስም ተከፍቶ ወይም አጠገቡ ባለው ፋይል ውስጥ ተሰክቶ ነው።

በአንድ ወረዳ ወረፋ ስጠብቅ አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን የይዞታ ፋይል ሲጠይቁ ሰማሁ። ወጣቱ ሠራተኛ በትሕትና «እማማ፣ ከቦታው የለም» አላቸው። ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ። ከኋላ ተቀምጠው ይሰሙ የነበሩ በዕድሜ የገፉ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ተነሡና «እማማ፣ ከዚህ ቤት የተጻፈልዎ አንድም ደብዳቤ የለዎትም?» ብለው ጠየቋቸው። ሴትዮዋ ከፌስታል ውስጥ የደበዘዘ ወረቀት አወጡ። ሠራተኛዋ ይዘቱን እንኳ አላነበቡም፤ ዓይናቸው መጀመሪያ ወደ ቁጥሩና ቀኑ፣ ቀጥሎ ወደ ግርጌው ሄደ። የዚያን ዘመን ወጪ መዝገብ አውርደው መስመሩን አገኙ፤ ግልባጭ የሄደላቸውን መሥሪያ ቤቶች ከነቁጥሩ በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ሰጧቸው። «ቁጥሩ ካለ ወረቀቱ አለ» አሏቸው። በኋላ እኚያን እናት አየር ጤና ታክሲ ስንጠብቅ አገኘኋቸው፤ ግልባጩ ከሁለተኛው መሥሪያ ቤት ተገኝቶ ኮፒው በማኅተም ተረጋግጦላቸዋል።

ፋይል የሚፈልግ ሰው ሌላም ማወቅ ያለበት አለ፤ አድራሻችን ብዙ ጊዜ ተለውጧል። ቀበሌ የመጣው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። በደርግ ዘመን ከቀበሌ በላይ ከፍተኛ የሚባል እርከን ነበር። ቀጥሎ ዞንና ወረዳ መጣ፤ አዲስ አበባ በ6 ዞን፣ በ28 ወረዳና በ305 ቀበሌ ተከፈለች። በ1995 ዓ.ም. ኮልፌ ቀራንዮን ጨምሮ 10 ክፍለ ከተሞች ሲቋቋሙ ቀበሌዎቹ 203 ሆኑ፤ ከዚያም ቀበሌ ቀርቶ 116 ወረዳዎች ተተኩ። ለሚ ኩራ ተጨምሮ ዛሬ ክፍለ ከተሞቹ 11 ናቸው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የተጻፈ ወረቀት «ወረዳ» ሲል ከተማዋ በ28 የተከፈለችበትን ሰፊ ወረዳ ማለቱ ነው። ያንን ቁጥር ይዞ ዛሬ ተመሳሳይ ቁጥር ወዳለው ወረዳ የሚሄድ ሰው የማያውቁት ሰፈር ገብቶ ፋይሉን ይጠይቃል፤ «የለም» ሲባልም ጠፋ ብሎ ያምናል። የድሮ መታወቂያ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የመብራትና የውኃ ቢል አትጣሉ። የቤት ቁጥሩ ከአንዱ ዘመን ወደ ሌላው እንዴት እንደተሻገረ የሚያሳዩት እነሱ ናቸው።

ወረቀት ከነጭራሹ የሌላቸውም አሉ። እንደ ካራ ቆሬና ወይራ ሰፈር ባሉ፣ እርሻ ወደ ሰፈር በተለወጠባቸው አካባቢዎች ሰነድ አልባ ይዞታ የተለመደ ጉዳይ ነው። በዚያ ያሉ ነዋሪዎች 1988ንና 1997ን በቃላቸው ያውቋቸዋል፤ ከተማዋ ከአየር ላይ ፎቶ የተነሣችባቸው ዓመታት ናቸው። ቤቱ በዚያ ምስል ላይ መኖር አለመኖሩ የሰውን ዕጣ ይወስናል። በአዋጅ ቁጥር 818/2006 የተጀመረው የካዳስተር፣ ማለትም የከተማ ይዞታ፣ ምዝገባም እንዲህ ያለውን ጥያቄ በሰፈር በሰፈር ለመዝጋት የታሰበ ነው። የምዝገባ ቡድን ሰፈራችሁ ሲደርስ ቤት አለመገኘት ትልቅ ቸልተኝነት ነው።

ኮልፌን መረጃ ከማግኘት መብት ጋር ሳነሣ አንድ ነገር ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ ኮልፌ፣ በፖሊስ ማሠልጠኛው ነው። እኚሁ ሰው ፕሬዚዳንት ሆነው እ.ኤ.አ. በ1996 የፈረሙት የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው በመንግሥት እጅ ያለን መረጃ እንዲያገኝ መብት ሰጠ። ስዊድን ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1766 በሕግ ካሰፈረች ወዲህ ብዙ አገር ተከትሏታል፤ እኛም ሕጉ አለን። የቀረን በየወረዳው መጠየቅ ነው።

ሲጠየቅ ደግሞ በወጉ ይጠየቅ። «ስለ ሰፈራችን መንገድ ያለውን መረጃ ሁሉ ስጡኝ» የሚል ማመልከቻ ማንንም አይረዳም። የትኛው መንገድ፣ የየትኛው ዓመት በጀት፣ የትኛው ውል፣ የትኛው ቃለ ጉባኤ እንደሆነ ተለይቶ ይጻፍ። ኦሪጅናል ሰነድ ለማንም አይሰጥ፤ ኮፒው ይገባል፣ ኦሪጅናሉ ታይቶ ይመለሳል። ከበር ላይ ቆሞ «እኔ አስጨርስልሃለሁ» ለሚል ሰው ገንዘብ የሚከፍል፣ ነገ ሌላው ባለጉዳይ ያለ ገንዘብ እንዳይስተናገድ መንገዱን እያጠበበ ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ላይ የሚጮህም ሰው ሊረዳው የሚችለውን ሰው እያስቀየመ ነው።

ከተከለከላችሁ ክልከላው በጽሑፍ ከነምክንያቱ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ቀጥሎ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ቅሬታ ይቀርባል፤ እዚያ ካልተፈታ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ ከዚያም ለፍርድ ቤት። እንባ ጠባቂው አቤቱታ የሚቀበለው ያለ ክፍያ ነው፤ በቃልም ማቅረብ ይቻላል። በየደረጃው ይዛችሁ የምትቀርቡት ያው ማኅተም ያረፈባት ሁለተኛ ኮፒ ናት።

ለአስተዳደሩም አንድ ነገር አለኝ። ፋይል እየተነሣ ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው፤ ደስ የሚል ሥራ ነው። ነገር ግን ቁጥሩ በትክክል ያልተመዘገበ ምስል ከመደርደሪያ ከጠፋ ፋይል አይሻልም፤ ፈላጊው በምን ያገኘዋል? ስለዚህ ከፋይሎቹ በፊት የድሮዎቹ የገቢና የወጪ መዝገቦች ይነሡ፤ የቀበሌና የከፍተኛ ዘመኖቹ ሳይቀሩ። ቁጥር፣ ቀን፣ ላኪ፣ ተቀባይ፣ ግልባጭ ብቻ ቢገባ አብዛኛው «ጠፋ» የተባለ ፋይል የት እንዳለ ይታወቃል። መዝገብ ቤትም እርጥበት የማይገባበት ክፍል ይሰጣት፤ ሥራውን የሚያውቁት አንጋፋ ሠራተኞች ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ወጣት ይመደብላቸውና እጃቸው ላይ ይማር።