ሴት ተማሪዎች በስፖርት ፍትሐዊ ዕድል እንዲያገኙ ምን ያስፈልጋል? ከደምበጫ ሲታይ

በነሐሴ ወር 2001 ዓ.ም በርሊን ላይ በተካሄደው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና፣ በሴቶች 10 ሺህ ሜትር ሁለተኛና ሦስተኛ ሆነው የገቡት መሰለች መልካሙና ውዴ አያሌው ሁለቱም የጎጃም ልጆች ናቸው። መሰለች የተወለደችው በደብረ ማርቆስ ሲሆን ውዴ የዓባይ ምንጭ በሚገኝበት በሰከላ ነው። መሰለችን ከአሸናፊዋ ኬንያዊት የለያት የአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ርቀቱን በ29 ደቂቃ ከ53.80 ሰከንድ በመሮጥ የአፍሪካን ክብረ ወሰን የያዘችውም እርሷ ነበረች።

ደምበጫ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም መካከል ትገኛለች። የደጋው አየርና ተማሪዎች ወደ ትምህርት ቤት የሚመላለሱበት ዳገትና ቁልቁለት ለወንዱም ለሴቷም አንድ ነው። ልዩነቱ የሚጀምረው የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ደወል ሲደወል ነው። ወንዱ ደብተሩን አስቀምጦ ወደ ሜዳ ሊወጣ ይችላል፤ እኅቱን ግን የሚቀዳ ውኃ፣ የሚለቀም ኩበትና የሚታዘል ታናሽ ይጠብቃታል። ቅዳሜም ቢሆን ገበያና ወፍጮ አለ። ልጃገረዶች ሰኞ ማክሰኞና ገመድ ዝላይ የሚጫወቱት ብዙውን ጊዜ ከቤት ደጅ ሳይርቁ ነው፤ ሰፊው ሜዳ ከገና ጨዋታ ዘመን ጀምሮ የወንዶች ተደርጎ ኖሯል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ በሚሰጥ ልምምድ ላይ ሴቶች ጥቂት ሆነው ሲገኙ «ፍላጎት የላቸውም» ብሎ መደምደም የችግሩን ምንጭ መሳት ነው።

ዕድሜ ሲጨምር ሌላ እንቅፋት ይከተላል። የታዳጊዎች ሥልጠና ተሰጥኦ ያላቸውን ልጆች የሚመለምልበት የ13 እና የ14 ዓመት ዕድሜ፣ ለሴት ልጅ የወር አበባ የሚጀምርበት፣ በአንዳንድ ቤተሰብም የጋብቻ ወሬ የሚነሣበት ነው። ልብስ መቀየሪያ ክፍልና ውኃ በሌለበት ትምህርት ቤት አንዲት ልጅ በወር ውስጥ ለተወሰኑ ቀናት ከሜዳ ብትቀር የሚያስገርም አይደለም። ቱታ ለብሶ መንደር ማቋረጥም በየቦታው በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ከምሽት ልምምድ መመለስ ደግሞ ወላጅን የሚያሳስበው በቂ ምክንያት ስላለው ነው። የጸጥታ ችግር ትምህርት ባቋረጠበት ጊዜና ቦታ ሁሉ ይህ ሥጋት ይበረታል፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለብዙ ልጃገረዶች ብቸኛው የስፖርት ሜዳም አብሮ ይዘጋል።

እንዲህ ያለው ገደብ የገጠር ልማድ ብቻ ተደርጎ እንዳይወሰድ፣ ዓለም ራሱ በሩን የከፈተው ዘግይቶ መሆኑን ማስታወስ ያሻል። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም ሮም ላይ ማራቶንን ሲያሸንፍ ሴቶች በዚህ ውድድር በኦሊምፒክ መሳተፍ አይችሉም ነበር። የተፈቀደላቸው በ1976 ዓ.ም በሎስ አንጀለስ ነው። የሴቶች 10 ሺህ ሜትርም ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በሴኡል ሲሆን፣ በቀጣዩ የባርሴሎና ኦሊምፒክ፣ በ1984 ዓ.ም፣ ደራርቱ ቱሉ አሸንፋ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆናለች። ከአራት ዓመት በኋላ ፋጡማ ሮባ በአትላንታ የማራቶንን ወርቅ ወስዳለች። ደራርቱ እናት ከሆነች በኋላ ተመልሳ በሲድኒ በዚያው ርቀት ዳግም ማሸነፏ፣ ወሊድ የሴትን የስፖርት ዘመን ይዘጋል ለሚሉ ሁሉ በቂ መልስ ነው።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች ከወንዶች ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ ባለፈው ታሪክ የደረሰባቸው የበታችነት ታስቦም የድጋፍ እርምጃ ተጠቃሚ የመሆን መብት ይሰጣቸዋል። በስፖርት ረገድ ይህ ማለት አንድ ኳስና አንድ ሜዳ አቅርቦ «ሁላችሁም ተጫወቱ» ከማለት ያለፈ ነው። ልምምዱ በትምህርት ሰዓት ውስጥ ወይም በእረፍት ሰዓት ቢያዝ ከቤት ሥራ ጋር አይጋጭም። ሴት አሠልጣኝ ወይም ሴት የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ስትኖር የወላጅ መተማመን ይጨምራል፤ ልጅቷም ያመማትን በግልጽ ትናገራለች። የንጽሕና መጠበቂያ እንደ ኳስና መረብ ሁሉ ከስፖርት በጀት ሊታሰብ ይገባዋል። ሽልማቱም እኩል ይሁን፤ ለወንዶች ዋንጫ፣ ለሴቶች ደብተር መስጠት ትንሽ ነገር ቢመስልም ልጆች አይተው ይረዱታል።

ወላጅን ለማሳመን ሲባል ግን ስፖርትን የሀብት መንገድ አድርጎ ማቅረብ ተገቢ አይደለም። ከሚሮጡት ልጆች አብዛኞቹ በርሊን አይደርሱም። ለአንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የልምምዱ ቀን ጤናዋን የምትጠብቅበት፣ ከጓደኞቿ ጋር የምትውልበትና ትምህርት ቤትን የምትወድበት ሌላ ምክንያት ከሆነ ይበቃል።

ትምህርት ቤቶች ያለ ተጨማሪ በጀት ዛሬውኑ ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ የልምምድ መዝገብ መያዝ ነው። ስንት ሴቶች ተመዘገቡ? ስንቶቹ አቋረጡ? በየትኛው ወርና በምን ምክንያት? በመኸር ወቅት መቅረትና በጥር፣ በሠርግ ወር፣ መቅረት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው በሰዓት ማሻሻያ ሊፈታ ይችላል። በጥር ወር ስሟ ከመዝገቡ የጠፋ ልጅ ካለች ግን የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት መሆኑን ይዞ ቤቷ ድረስ ሄዶ መጠየቅ የመምህሩም፣ የወረዳው ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም ሥራ ነው።