ከአንጀት ተነሥቶ ልብ የሚደርሰው ባክቴሪያ

ስትሬፕቶኮከስ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ጉሮሮን ነው። ጉሮሮ አሳምሞ ኋላ የልብ ቫልቭ የሚያበላሸው ዓይነት የታወቀ ነው፤ የሳንባ ምች የሚያመጣውም እንዲሁ። ተገቢውን ትኩረት ያላገኘው ዘመዳቸው ስትሬፕቶኮከስ ጋሎሊቲከስ ነው። የቀድሞ ስሙ ቦቪስ ስለነበር በላብራቶሪ ውጤት ላይ አሁንም በዚያ ስም ሊጻፍ ይችላል።

መኖሪያው የከብትና የሌሎች ቅጠል በል እንስሳት አንጀት ነው። በቅጠል ውስጥ ያለውን ታኒን የመሰባበር ችሎታ አለው፤ ባሕር ዛፍ ከምትመገበው የአውስትራሊያዋ ኮዋላም ተገኝቷል። በአንዳንድ ጤነኛ ሰዎች አንጀትም ይኖራል። ደም ውስጥ ሲገባ ትኩሳት፣ ድካምና ክብደት መቀነስ ያስከትላል፤ ብዙ ጊዜም የልብ ቫልቭ ላይ ይሰፍራል። ፔኒሲሊን ወይም ሴፍትሪያክሶን በደም ሥር ለሳምንታት ሲሰጥ አብዛኛውን ጊዜ ይሸነፋል።

ትልቁ ስሕተት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ትኩሳቱ ሲበርድ ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል። ባክቴሪያው ግን ደም ውስጥ የገባው በሆነ በር ነው፤ በሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ትልቁ አንጀት ላይ ያለ ዕጢ ነው። ክላይንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጡት ጥናት፣ ከ63 የትልቁ አንጀት ካንሰር ሕሙማን የ35ቱ ሰገራ ይህን ባክቴሪያ ይዞ ተገኝቷል፤ ለማነጻጸሪያ ከተመረመሩት 105 ሰዎች ግን የ11ዱ ብቻ።

አንጀትና ልብን ምን አገናኛቸው? መልሱ ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ነው። ኮላጅን በጤነኛ አካል ውስጥ በሴሎች ሽፋን ሥር ተሰውሮ ይኖራል፤ ዕጢ የአንጀትን ሽፋን ሲያፈርስ ይጋለጣል፤ በተጎዳ የልብ ቫልቭ ላይም እንዲሁ። ጋሎሊቲከስ ደግሞ በላዩ ላይ ባሉት ፀጉር መሰል ክሮች ኮላጅንን አጥብቆ ይይዛል። በዚያ ላይ ተፎካካሪዎቹን ኢንትሮኮከስ የተባሉ የአንጀት ባክቴሪያዎች የሚገድል ፕሮቲን ያመነጫል። የፓስተር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 በአይጦች ላይ ባሳዩት መሠረት፣ ዕጢ ባለበት አንጀት የሚበዛው የሐሞት አሲድ ይህን መሣሪያውን ያበረታዋል። ዕጢው ቦታ ያመቻችለታል፤ እሱም ወደ ደም ሲዘልቅ የተደበቀውን ዕጢ ያጋልጣል።

የላብራቶሪ ባልደረቦቼ፣ «ስትሬፕቶኮከስ» ብሎ ጽፎ ማቆም ሥራውን በግማሽ መተው ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ውጤት ይዘው የመጡ አዛውንት አጋጥመውኛል፤ ያቺ ወረቀት አንጀታቸው መታየት እንዳለበት የምትናገረው አንዳች ነገር አልነበራትም። ጋሎሊቲከስ ከኢንትሮኮከስ ጋር መምታታቱም ሰበብ አይሆንም። ሁለቱም የሐሞት ኤስኩሊን የተባለውን የባክቴሪያ ማብቀያ ያጠቁራሉ፤ 6.5 በመቶ ጨው ባለበት ፈሳሽ ማብቀያ (ብሮዝ) ግን ኢንትሮኮከስ ሲበቅል ጋሎሊቲከስ አይበቅልም። ልዩነቱ የመድኃኒት ምርጫንም ይለውጣል።

ትኩሳት ሲበረታባቸው ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝተው የሚውጡም ያሳዝኑኛል። ከዚያ በኋላ የሚወሰድ የደም ካልቸር፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለን ባክቴሪያ አብቅሎ የሚለይ ምርመራ፣ ባዶ ሊወጣ ይችላል፤ ምስክሩ ጠፋ ማለት ነው። ደሙ መቀዳት ያለበት መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት፣ ከተለያየ ቦታ፣ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ነው።

እንግዲህ በእርስዎ ወይም በቤተሰብዎ የደም ካልቸር ውጤት ላይ ጋሎሊቲከስ ወይም ቦቪስ የሚል ስም ካዩ፣ ትኩሳቱ ቢጠፋም ሐኪምዎን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ የልብ አልትራሳውንድና ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት ከውስጥ የሚያይ ምርመራ)። ዕጢው ገና ትንሽ ሳለ ከተገኘ ሊነቀል ይችላል።