220 ይላል፤ ምጣዱ ግን አልግል ብሏል

የኤሌክትሪክ ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ፣ ከዲቫይደሩና ከአምፖሉ መሐል፣ ሁለት ገመድ ያንጠለጠለ አንድ ቢጫ ወይም ጥቁር መሣሪያ አይጠፋም። መልቲሜትር ነው። ቮልት፣ ከረንትና ሬዚስታንስ ይለካል፤ የሚለካውን በመሐል መዞሪያው እንመርጥለታለን፤ ጥቁሩ ገመድ ሁልጊዜ «ኮም» ከሚለው ቀዳዳ፣ ቀዩ ደግሞ እንደ ልኬቱ ዓይነት ከሌላው ይሰካል። ስለ አያያዙ ከዚህ የበለጠ ማለት አያስፈልግም። ሥራው የሚጀምረው ቁጥሩ ከታየ በኋላ ነው፤ ብዙ ሰው ግን እዚያው ላይ ያቆማል። ሶኬቱ ላይ 220 ካየ «መብራቱስ አለ» ብሎ ምጣዱን ይኮንናል፤ አዳፕተሩ 12 ካለ ሪሲቨሩን ለጥገና ይልካል፤ ባትሪ ድንጋዩ 1.4 ካለ አዲስ ሪሞት ይገዛል። በሦስቱም ቁጥሩ እውነት፣ ፍርዱ ደግሞ ስሕተት ሊሆን ይችላል። ቮልት መኖሩ ኃይል መኖሩን አያረጋግጥም፤ ይህ ጽሑፍም ከዚህ ነጥብ ብዙ አይርቅም።

የሚገርመው አሳሳችነቱ ከመሣሪያው ጥራት የመጣ መሆኑ ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዝ ፖስታ ቤት የስልክ መሥመሮችንም ያስተዳድር ነበር። መሐንዲሱ ዶናልድ ማካዲ መሥመር ለመፈተሽ በወጣ ቁጥር ብዙ መለኪያ ተሸክሞ መዞር ሰለቸውና ሦስቱን ልኬቶች በአንድ ሣጥን አዋሐዳቸው። አቮሜትር የተባለው ይህ መሣሪያ በ1923 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀረበ፤ ስሙ አምፔር፣ ቮልትና ኦም ከሚሉት ቃላት መነሻ ፊደላት የተገጣጠመ ነው። ያኔ ልኬቱን የሚያሳየው መርፌ ነበር፤ መርፌ እንዲንቀሳቀስ ደግሞ ከሚለካው ነገር ላይ ጥቂት ከረንት መቅመስ አለበት። ቅምሻው በበዛ ቁጥር ልኬቱ ራሱ ይዛባል። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የመለኪያ ሠሪዎች ብዙ የደከሙት ይህን ቅምሻ ለመቀነስ ነው። ዛሬ ደኅና የሚባል ዲጂታል መልቲሜትር ቮልት ሲለካ 10 ሚሊዮን ኦም ያህል ሬዚስታንስ ሆኖ ይቀርባል፤ ርካሹ እንኳ ብዙውን ጊዜ 1 ሚሊዮን አለው። ባለ 10 ሚሊዮኑ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ የሚወስደው ከረንት 22 ሚሊዮንኛ አምፔር ብቻ ነው። ምንም አልቀመሰም ማለት ይቻላል። ለዚህም ነው ያየው ነገር ሁሉ ጤነኛ የሚመስለው፤ አህያዋን ሳይጭኑ፣ ቆማ አይተው ብቻ «ይህቺ አንድ ኩንታል ትችላለች» እንደማለት ነው።

በምጣዱ እናስላው። 3,500 ዋት የሚል የኤሌክትሪክ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ የውስጥ ሽቦው ሬዚስታንስ ሲሰላ ወደ 14 ኦም ይመጣል። አሁን ከቆጣሪው እስከ ምጣዱ ባለው መንገድ አንድ ቦታ ላይ፣ በላላ ብሎን ወይም በጠቆረ የሶኬት ምላስ ምክንያት፣ የ1 ኦም እንቅፋት ተፈጠረ እንበል። መልቲሜትሩ ባዶውን ሶኬት ሲለካ ይህ 1 ኦም ከእሱ 10 ሚሊዮን ጎን ከቁጥር አይገባም። የሚያጎድለው 22 ሚሊዮንኛ ቮልት ስለሆነ ስክሪኑ 220 ይላል፤ አልዋሸም። ምጣዱ ሲሰካ ግን ያው 1 ኦም የሚፎካከረው ከ14 ጋር ነው። ከረንቱ ወደ 15 አምፔር ይወርዳል፤ ምጣዱ ዘንድ የሚደርሰው 205 ቮልት ይሆናል፤ ኃይሉም ከ3,500 ወደ 3,000 ዋት አካባቢ ያሽቆለቁላል። ምጣዱ ይግላል፣ ግን እያዘገመ። እንጀራው ዓይን አላወጣ ይላል፤ ጥፋቱም በእርሾው ወይም በጤፉ ይላከካል። የጎደለው 15 ቮልት ደግሞ በኖ አልጠፋም፤ ያቺ የላላች ቦታ ላይ ከ200 ዋት በላይ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ጥፍር በምታህል ብረት ላይ የሁለት ባለ 100 ዋት አምፖል ግለት ማለት ነው። ሶኬት የሚቀልጠው፣ ፕለግ የሚጠቁረው፣ አንዳንዴም ቤት የሚቃጠለው እንዲህ ነው። ባለቤቱ ግን የቀለጠውን አይቶ «መብራቱ ኃይለኛ ሆኖ ነው» ይልና ስታቢላይዘር ይገዛል። ስታቢላይዘር የላላ ብሎን አያጠብቅም።

እንግዲህ መለካት ያለበት ዕቃው እየሠራ ነው፤ ጥገና የሚያውቅ ሰው «ሎድ ላይ ለካው» የሚለው ይህንኑ ነው። ለዚህ ደግሞ ሽፋን መክፈት የግድ አይደለም። ሁለት አፍ ያለው የግድግዳ ሶኬት ካለ በአንዱ ምጣዱን ሰክቶ በባዶው አፍ ቮልቱን ማንበብ ይቻላል። ምጣዱ ሳይበራ 220፣ ሲበራ 205 ከሆነ ችግሩ ከሶኬቱ ወደ ኋላ ነው፦ በግድግዳው ውስጥ ባለው ሽቦ፣ በማከፋፈያው፣ ከዚያም ካለፈ ከምሰሶው በሚመጣው መሥመር። በርቶም 218 ከሆነ ግን የሚጠረጠሩት ምጣዱ የተሰካበት አፍ፣ ፕለጉ፣ ገመዱና ምጣዱ ራሱ ናቸው። በአንድ ንባብ የተጠርጣሪው ግማሽ ነፃ ወጣ። ታዲያ ማብራት ማጥፋቱን አራት አምስት ጊዜ መደጋገም ይገባል፤ የሰፈሩ ቮልት በራሱ ጊዜ ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ ጎረቤት ምጣዷን ከጣደችበት ደቂቃ ጋር የተገጣጠመ አንድ ንባብ ያሳስታል። ምጣድ በተንቀሳቃሽ ገመድ ለሚሰኩም አንድ ስሌት ላክል። ውፍረቱ 0.75 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ገመድ 20 ሜትር ሲረዝም መሄጃና መመለሻው ተደምሮ 1 ኦም ሊሞላ ምንም አይቀረው። ከላይ ያየነው እንቅፋት ማለት ነው፤ ልዩነቱ ሙቀቱ በገመዱ ሙሉ መሰራጨቱ ነው፤ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ደግሞ ያም ማስተዛዘኛ ይቀራል።

«ለዚህ ሁሉ ባለ መብራቷ መፍቻ አትበቃም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ቴስተር የምንላት፣ ስትነካ ቀይ የምታበራዋ መፍቻ ማለታቸው ነው። እሷ ፌዝ መኖሩን ትናገራለች፤ ከዚያ ያለፈ ነገር መጠየቅ ግፍ ነው። ውስጧ ያለችው አምፖል እጅግ ጥቂት ከረንት ስለሚበቃት በተበጣጠሰ ክር በኩል በመጣ ፌዝም ታበራለች። ይባስ ብሎ ኒውትራሉ ሲበጠስ የሶኬቱ ሁለቱም ቀዳዳ ላይ የምትበራበት ጊዜ አለ፤ ፌዙ ሌላ የተሰካ ዕቃ ውስጥ አልፎ በኒውትራሉ ሽቦ ተመልሶ ስለሚመጣ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው «ሁለት ፌዝ ገባብኝ» እያለ ይደነግጣል። መልቲሜትሩም የዚህ ዓይነት ቅዠት አለበት። የትም ያልተገናኘ ሽቦ፣ ፌዝ ከያዘ ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ ጎን ለጎን ከሄደ፣ 60 ወይም 90 ቮልት ያህል ሊያሳይ ይችላል፤ አንድ አምፖል ሲሰካበት ወዲያው ይከስማል። ብዙ ከረንት የሚቀምሰው የድሮው ባለ መርፌ ለዚህ ማታለያ እንደ ዲጂታሉ አይሸነፍም ነበር። አንዳንድ የዛሬ መለኪያዎች ሆን ተብሎ ሬዚስታንሳቸውን ዝቅ የሚያደርግ ምርጫ የሚጨመርላቸው በዚሁ ምክንያት ነው።

ወደ ትንንሾቹ ዕቃዎች ስንወርድ ነገሩ ያው ነው፤ እንዲያውም ለጀማሪ የሚሻለው አደጋ በሌለበት በ12 እና በ5 ቮልት መለማመድ ነው። የራውተር ወይም የሪሲቨር አዳፕተር ውስጥ ካፓሲተር የሚባሉ ትንንሽ ጣሳዎች አሉ፤ የያዙት ፈሳሽ በሙቀት እየደረቀ ይሄዳል። በመሐንዲሶች ዘንድ የተለመደው ግምት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ያጥራል የሚል ነው። ስለዚህ አዳፕተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ከመጋረጃው ሥር ወሽቆ ዓመት ሙሉ የሚረሳ ሰው ዕድሜውን እያሳጠረው ነው። የደረቀ ካፓሲተር ያለው አዳፕተር ባዶውን ሲለካ 12 ይላል፤ ራውተሩ ሲሰካበት ወደ 9 ይወርዳል፤ ራውተሩም እየጠፋ እየበራ ያስቸግራል። ፈተናው ቀላል ነው። የመኪና ባለ 5 ዋት አምፖል በ12 ቮልት 0.4 አምፔር ገደማ ይወስዳል። 1 አምፔር የሚል አዳፕተር ሁለት እንዲህ ያሉ አምፖሎችን ጎን ለጎን አብርቶ ከ12 ብዙም ካልወረደ ደኅና ነው፤ ከወረደ ወይም አምፖሎቹ ከተርገበገቡ የሚቀየረው እሱ ነው፤ ዋጋውም ከራውተሩ ጋር አይወዳደርም። ባትሪ ድንጋይም እንዲሁ ነው። 1.4 ቮልት የሚያሳይ ድንጋይ በ10 ኦም ሬዚስተር ሲፈተን ወደ 0.7 ከወረደ፣ ውስጡ ራሱ 10 ኦም ሆኗል ማለት ነው፤ ከሚሰጠው ግማሹን ራሱ ይበላዋል። መካኒኮች ይህን ከማንም በፊት ያውቁታል። 12.6 የሚያሳይ የመኪና ባትሪ አይተው ዝም አይሉም፤ ሞተሩ ሲነሣ ያለውን ንባብ ይጠብቃሉ፤ ከ9.6 በታች ከወረደ በባትሪው ላይ ጥርጣሬ ይገባቸዋል። ለ12 ቮልት የተሰጠው ጥንቃቄ ለ220 የተነፈገበት ምክንያት አይገባኝም።

ጠንካራው ተቃውሞ ከባለሙያዎች የሚመጣ ነው። «ለክቶ ከመፈላሰፍ ደኅናውን ዕቃ ቀይሮ መሞከር ይፈጥናል» ይላሉ። አልክድም፤ ትርፍ ዕቃ በመደርደሪያ ለሞላለት ጥገና ቤት ይፈጥናል። በቤቱ አንድ አዳፕተርና አንድ ራውተር ላለው ሰው ግን መቀየር ማለት መግዛት ነው፤ የተገዛው ካልሠራ ደግሞ ሌላ መግዛት። ሁለተኛም፣ ቀይሮ መሞከር የላላ ግንኙነትን ይሸፍናል፦ ዕቃው ሲነቀልና ሲሰካ የጠቆረው ምላስ ይፋቅና ለሳምንት ይሠራል፤ ምስጋናው ለአዲሱ ዕቃ ይሰጣል፤ በሁለተኛው ሳምንት ችግሩ ይመለሳል። የዛሬ ዕቃ በቺፕ የተሞላ ስለሆነ በመልቲሜትር አይደረስበትም የሚለው ክርክር ከፊል እውነት አለው። መልቲሜትር የንባቦችን አማካይ ስለሚያሳይ በሺሕኛ ሰከንድ የሚከሰት መውደቅ ያመልጠዋል፤ ለዚያ ኦሲሎስኮፕ ያስፈልጋል። ነገር ግን ቺፑ ከመከሰሱ በፊት የሚበላውን ማግኘቱ ይጣራ፤ ይህን ለማጣራት መልቲሜትር ይበቃል።

«በርቶ ለካ ማለት ሰው መግደል ነው» የሚለውን ግን በቁም ነገር ነው የምወስደው። አደጋው በአብዛኛው ከግድየለሽነት ይመጣል። ዋናው ጥፋት ቀዩን ገመድ 10 አምፔር ከሚለው ቀዳዳ ሳይመልሱ ሶኬት መለካት ነው። በዚያ ቀዳዳ በኩል መለኪያው ሽቦ ሆነ ማለት ነው፤ ፌዝና ኒውትራልን በቀጥታ ያገናኛል። ብዙዎቹ ርካሽ መለኪያዎች በዚህ በኩል ፊውዝ የላቸውም፤ ፊውዝ እንደሌለ ፊታቸው ላይ ተጽፎ እያለ የሚያነበው ጠፋ። ከረንት ከለኩ በኋላ ገመዱን ወዲያው መመለስ እንደ እጅ መታጠብ ልማድ ይሁን። ሬዚስታንስ የሚለካው ዕቃው ከሶኬት ተነቅሎ ነው። የገመዱ ልባስ የተሰነጠቀ መለኪያ 220 አጠገብ አይቅረብ። አዳፕተርም ሆነ ቴሌቪዥን ከተነቀለ በኋላ ውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር እስከ 310 ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ ክዳን መክፈት የጀማሪ ሥራ አይደለም። ማይክሮዌቭ ደግሞ በዚህ ጽሑፍ አንባቢ እጅ ፈጽሞ አይከፈት፤ ውስጡ 2,000 ቮልት አካባቢ ያመነጫል፤ የሚሰጠው ከረንትም ለመግደል ከበቂ በላይ ነው።

መለኪያው ራሱም ባትሪ አለው፤ በብዛት ባለ 9 ቮልቱ ነው። ሲደክም ስክሪኑ ላይ የባትሪ ምልክት ይወጣል፤ ምልክቱን ንቆ መለካት የቀጠለ ሰው ከሐሰተኛ ምስክር ጋር ነው የሚሠራው፤ ርካሹ መለኪያ በዚህ ጊዜ ከእውነቱ ከፍ ያለ ቁጥር ማሳየቱ የተለመደ ነው። ከፋብሪካ ማሸጊያው ገና የወጣ ባትሪ ድንጋይ ከ1.5 እስከ 1.65 ቮልት ውስጥ መገኘት አለበት፤ መለኪያው ይህን 1.9 ካለው፣ ሌላውን ሁሉ ትቶ በቅድሚያ ባለ 9 ቮልቱን መቀየር ነው።