የዘ ኪዩር ረጅም ቀጠሮ

«አሎን» ሲጀምር ድምፃዊው የለም። ከበሮው ዝግ ብሎ ይመታል፤ ኪቦርዱ ያላዝናል፤ ቤዝ ጊታሩ ከሥር ከሥሩ ይከተላል። ከሦስት ደቂቃ በላይ እንዲህ ይሄድና አድማጩ «መሣሪያ ብቻ ነው እንዴ?» ብሎ መጠርጠር ሲጀምር የሮበርት ስሚዝ ድምፅ ይገባል። ዘፈን በመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች ጆሮ ካልያዘ በሚታለፍበት በዚህ ጊዜ፣ የእንግሊዙ ባንድ ዘ ኪዩር ከ16 ዓመት በኋላ የሠራውን አዲስ አልበም ያስተዋወቀው በዚህ ዘፈን ነው። ድፍረት ይጠይቃል።

አልበሙ «ሶንግስ ኦቭ ኤ ሎስት ዎርልድ» ይባላል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 2024 ወጣ። ለባንዱ 14ኛው የስቱዲዮ ሥራ ሲሆን፣ የያዘው ስምንት ዘፈን ብቻ ነው። በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ በቀጥታ አንደኛ ሆነ፤ ባንዱ እዚያ ቦታ ላይ ከተቀመጠ፣ ማለትም ከ1992ቱ «ዊሽ» ወዲህ፣ 32 ዓመት አልፎት ነበር። በአሜሪካ አራተኛ ወጣ።

ዘ ኪዩር ከለንደን በስተደቡብ ባለችው ክሮሊ ከተማ በወጣቶች ተቋቁሞ የመጀመሪያ አልበሙን በ1979 አሳተመ። አልተርናቲቭ ሮክ የሚባለው፣ ከትልልቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች ልማድ ወጣ ብሎ በትንንሽ አሳታሚዎችና በኮሌጅ ሬዲዮዎች ያደገው ሙዚቃ ሲነሣ ስሙ ሳይጠራ አይታለፍም። ስሚዝን ያላዳመጠውም ቢሆን በመልኩ ያውቀዋል፦ የተንጨባረረ ጥቁር ፀጉር፣ የተዝረከረከ ቀይ ሊፕስቲክ። ባንዱ ሁለት ፊት አለው። አንዱ «ፍራይደይ አይም ኢን ላቭ»ን የመሰለ፣ ሰው ሁሉ የሚያፏጨው ደስታ ነው። ሌላው ረዘም ያለ፣ አንጀት የሚበላ እንጉርጉሮ ነው። አዲሱ አልበም ሙሉ በሙሉ ለሁለተኛው ያደላል።

ቀጠሮው ግን ብዙ ጊዜ ፈርሷል። ባንዱ በ2018 በለንደን ሃይድ ፓርክ 40ኛ ዓመቱን ካከበረ በኋላ፣ በ2019 ዌልስ ውስጥ ባለው ሮክፊልድ ስቱዲዮ ቀረጻ ገባ። ስሚዝም አልበሙ በቅርቡ እንደሚወጣ ተናገረ፤ አልወጣም። ደግሞ ተናገረ፤ አሁንም አልወጣም። በእነዚያ ዓመታት እናቱን፣ አባቱንና ታላቅ ወንድሙን ቀብሯል። በ2022 በአውሮፓ በተጀመረው ጉዞ ባንዱ አዳዲሶቹን ዘፈኖች መድረክ ላይ ማሰማት ጀመረ፤ አልበሙ ገበያ ሳይደርስ ከስምንቱ አምስቱን አፍቃሪዎቹ ያውቋቸው ነበር።

በዚያው ጉዞ የአሜሪካ ክፍል፣ በ2023፣ ስሚዝ ከቲኬት ሻጩ ከቲኬትማስተር ጋር ተጋጨ። ባንዱ ሆን ብሎ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ የ20 ዶላር መቀመጫ ቢያዘጋጅም፣ የአገልግሎት ክፍያው ከቲኬቱ በለጠ። ስሚዝ በአደባባይ ወቀሰ፤ ኩባንያው ለርካሾቹ ቲኬቶች 10፣ ለሌሎቹ 5 ዶላር መለሰ። አልበሙ ሲወጣ የተደረገለትን ሞቅ ያለ አቀባበል ሲያስቡ ይህንንም መርሳት አይገባም።

ሐያስያን አልበሙን በብዛት ያነጻጸሩት ከ1989ኙ «ዲስኢንተግሬሽን» ጋር ነው። ንጽጽሩ ተገቢ ነው፤ ልዩነቱ ግን ይበልጥ ይናገራል። ያኔ ስሚዝ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው ብሎ የተጨነቀ ወጣት ነበር፤ የሚያለቅስለትን ነገር ገና አላጣም። አዲሱ አልበም ሲወጣ 65 ዓመቱ ነበር። «አይ ካን ኔቨር ሰይ ጉድባይ» ስለ ወንድሙ ሞት ነው፤ ጥቂት የፒያኖ ኖታዎች እየተደጋገሙ ይመጣሉ፤ ድምፁም ለማሳመር አይሞክርም። አልበሙን የሚዘጋው «ኤንድሶንግ» ከአሥር ደቂቃ ያልፋል። ስሚዝ በ2019 በጓሮው ሆኖ ጨረቃን ሲያይ፣ በልጅነቱ፣ በ1969፣ ሰው ጨረቃን ሲረግጥ ከአባቱ ጋር የተመለከተበት ጊዜ ታውሶት የጻፈው ነው። ድሮ በምናብ ያዜመውን ዛሬ ኖሮበታል፤ አልበሙን ከናፍቆት ንግድ የሚለየውም ይኸው ነው።

እንከን የለውም ማለት አይደለም። መሐል ላይ ያለው «ድሮን፡ ኖድሮን» በጩኸት ብዛት ዜማውን ያፍናል። አብዛኞቹ ዘፈኖች በተቀራረበ ዝግታ ስለሚሄዱም፣ ለባንዱ አዲስ የሆነ ሰው በአንድ ጊዜ ሲሰማቸው ሊምታቱበት ይችላሉ። ከ2012 ጀምሮ በባንዱ ያለውና ቀድሞ ከዴቪድ ቦዊ ጋር የሠራው ሪቭስ ጋብሬልስ በጊታሩ ይህን ለመስበር ይታገላል፤ የዘ ኪዩር የስቱዲዮ አልበም ላይ ሲጫወት ይህ የመጀመሪያው ነው።

አልበሙ በወጣበት ምሽት ባንዱ በምሥራቅ ለንደኑ ትሮክሲ አዳራሽ ተገኝቶ አዲሱን ሥራ ከዳር እስከ ዳር ተጫወተው። ከዚያም ወደ ድሮዎቹ ተመልሶ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ በፈጀው ዝግጅት 31 ዘፈን አቀረበ፤ በዩቲዩብም በነፃ ተላለፈ። ዘ ኪዩርን ለመጀመሪያ ጊዜ መሞከር የሚፈልግ አድማጭ ከአዲሱ አልበም ሦስተኛውን፣ አጠር ያለውንና ዜማው ቶሎ የሚያዘውን «ኤ ፍራጃይል ቲንግ»ን ያስቀድም። ከወደደው ወደ «ዲስኢንተግሬሽን» ይለፍ፤ «ኤንድሶንግ»ን ደግሞ አሥር ደቂቃ ያለ ሥራ መቀመጥ ለሚችልበት ማታ ያቆየው።