አቀበቱም ስቱዲዮ ነው

እንጦጦ ላይ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እርሳስ የያዘ ክንዱን ወደ ባሕር ዛፍ ቀስሮ የቆመ ወጣት ካያችሁ እየለካ ነው። የእርሳሱን ጫፍ ከዛፉ አናት ጋር ያስተካክልና አውራ ጣቱን ግንዱ መሬት በሚነካበት ልክ ያቆማል። ከዚያ ያቺኑ ርዝመት አግድም አዙሮ የቅርንጫፎቹ ስፋት የቁመቱ ስንት እጅ እንደሆነ ይቆጥራል። ክንዱ እስካልታጠፈ ድረስ ልኬቱ አይዋሽም። ልጁ ምናልባትም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የአለ የሥነ ጥበባትና ዲዛይን ትምህርት ቤት ተማሪ ነው።

ትምህርት ቤቱን በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት ሠዓሊ አለ ፈለገሰላም ናቸው። አለ የሰላሌ ሰው፣ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ዘር ሲሆኑ ዘመናዊውን ሥዕል የተማሩት አሜሪካ፣ ቺካጎ ነው። ሁለቱን ዓለም ስለሚያውቁ ልዩነቱም አልጠፋቸውም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ እጅ እየቀዳ ይማራል፤ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፣ ክፉ ደግሞ በጎኑ፣ በአንድ ዓይን ይሣላል። አዲሱ ትምህርት ቤት ከዚህ ሌላ ጥያቄ ይዞ መጣ፤ ፊት ለፊትህ ያለው ነገር በዚህች ሰዓት፣ በዚህ ብርሃን ምን ይመስላል?

መልሱም አንድ ዓይነት ብቻ እንዳይሆን መምህራኑ የተለያዩ ነበሩ። ጀርመን አገር ኮሎኝ ተምሮ የመጣው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ረቂቅ ሥዕልን አስተዋወቀ፤ ከፓሪስ የተመለሰው እስክንድር ቦጎሲያንም በ1950ዎቹ መጨረሻ እዚያው አስተማረ። ብራዚል ኖሮ የአገሪቱን ግዛት ስም ከስሙ ጋር ያጣመረው ጀርመናዊው ሀንሰን ባሂያ ደግሞ በእንጨት ቅርጽ የሚሠራውን ህትመት አስፋፋ። በዚህ ጥበብ የሚታወቀው ዘሪሁን የትምጌታ የእሱ ተማሪ ነበር። ትምህርት ቤቱ የዩኒቨርሲቲው አካል የሆነው ዘግይቶ፣ በ1990ዎቹ ነው።

ለመግባት የወረቀት ውጤት ብቻውን አይበቃም፤ እጅም ይፈተናል። መጀመሪያ የሚመጣው መሠረታዊው ነገር ነው፤ ንድፍ፣ የቀለም ጠባይ፣ የርቀት ሕግ፣ የሰው አካል። ከዚያ ተማሪው ወደ ሥዕል፣ ወደ ቅርጻ ቅርጽ፣ ወደ ህትመት ወይም ወደ ዲዛይን ያዘነብላል። ስቱዲዮ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ማሰሮ አይንቀሳቀስም፣ መብራቱም አይለወጥም። የሚንቀሳቀሰውንና የሚለወጠውን ለመማር ግን ከግቢው መውጣት ግድ ነው።

ደግነቱ ወደ እንጦጦ የሚያወጣው መንገድ ራሱ ያስተምራል። ስድስት ኪሎ አደባባይ ላይ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት አለ። ዩጎዝላቪያውያኑ ቀራጮች አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች የሠሩትን የነሐስ ምስል ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ሄዶ ያየ ተማሪ፣ የፀሐይ አቅጣጫ ሲለወጥ ያው ፊት እንዴት ሌላ እንደሚሆን ይረዳል። ፊት ለፊቱ ባለው የዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ይገኛል፤ አለ ተወልደው ያደጉበትን የጥንቱን ሥዕል እዚያ ከቅርብ ማየት ይቻላል። ትንሽ ወደ ላይ ሲወጡ ሽሮ ሜዳ ነው። በነጭ ሸማ ላይ የተጠለፈ ቀይ ጥበብ ከአረንጓዴ ጎን ሲሆን ለምን እንደሚንቀለቀል ከሱቁ ደጃፍ የተሻለ ማብራሪያ የለም።

ከዚያ በኋላ አቀበቱ ይጀምራል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው እንጦጦ አዲስ አበባ ሳትቆረቆር በፊት የምኒልክ መቀመጫ ነበር። ማገዶ ባስቸገረ ጊዜ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ዛሬ ተራራውን ሸፍኖታል። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተመርቆ ከተከፈተ ወዲህ ብስክሌት የሚነዳው፣ ፈረስ የሚጋልበውና በእግሩ የሚንሸራሸረው ሁሉ ወደዚያ ይወጣል። አትሌቱማ ድሮም ማለዳ ማለዳ እዚያው ነው። ለመዝናናት የሚወጣው ሰው ሳያውቀው ለተማሪው ሞዴል ይሆናል፤ ሯጭ ደግሞ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ስለዚህ ተማሪው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከአንገት እስከ ተረከዝ አንዲት መስመር መሳብን ይለምዳል፤ አፍንጫና ጣት በኋላ ይደርሳሉ።

በዚያው መንገድ ቅጠልና እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችም አሉ። የሸክም ሥዕል የሚበላሸው ሸክሙ ሰውየው ላይ እንደተለጠፈ ሲሣል ነው። ጠጋ ብሎ ያየ ግን ክብደቱ ወገብን እንዴት እንደሚያጎብጥ፣ ጉልበት እንዴት እንደሚታጠፍ፣ አንገት ለሚዛን ወደ ፊት እንዴት እንደሚወጣ ይገባዋል። አስተዋይ ተማሪ ታዲያ እርሳሱን ከማውጣቱ በፊት «እንደምን አደሩ፣ እማማ» ብሎ ያስፈቅዳል።

ከላይ ወደ ደቡብ ሲመለከቱ ከተማው ከእግር ሥር ይዘረጋል። ሰማዩ የጠራ ዕለት ወጨጫ፣ የረር፣ ራቅ ብሎም ዝቋላ ይታያል። ሦስቱም በየራሳቸው ሰማያዊ ናቸው። በመካከል ያለው አየር ሰማያዊውን ብርሃን ከሌላው አብልጦ ስለሚበትነው፣ ተራራው በራቀ ቁጥር ቀለሙ ወደ ሰማያዊ እየተጠጋ፣ ጥላውም እየፈዘዘ ይሄዳል። መስከረም ላይ፣ ዝናቡ አቧራውን አጥቦ ሲያበቃ፣ ይህን የርቀት ሕግ በዓይን መቁጠር ይቻላል።

ሰዓት መምረጥም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ከአናት በላይ ስለምትሆን ጥላው እግር ሥር ይሰበሰባል፣ ሁሉም ነገር ጠፍጣፋ ይሆናል። ጠዋት 1 ሰዓት ወይም ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ላይ ግን እያንዳንዱ ግንድ ግማሹ ብርሃን፣ ግማሹ ጨለማ ነው። በጋ ላይ የውሃ ቀለም ብሩሹ ሳይመለስ ይደርቃል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ወረቀቱ ጉም ጠጥቶ ይጨማደዳል። ሲመሽ ጅብ ስለሚወጣ በጊዜ መውረድ ነው።

ሥራው ስቱዲዮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲገመገም ከአቀበቱ የወረደውን መለየት አይከብድም። ነጭ ባሕር ዛፍ በለጋነቱ ቅጠሉ ክብ ሆኖ እንደ ብር ያብለጨልጫል፤ ሲያድግ ረዝሞ እንደ ማጭድ ይጎብጥና ይጠቁራል፤ የተላጠው ግንዱም አመድማና ክሬም ነው። ከቱቦው እንደወጣ አረንጓዴ የተቀባ ባሕር ዛፍ ከተሰቀለ፣ ሠዓሊው ሰፈሩ ሆኖ ሥሎታል።