ያረጀው የመኪና ባትሪ ወዴት ይሄዳል?

እንደሚታወቀው በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየሰፈሩ መታየት ጀምሯል። ስለ ዋጋው ብዙ ይወራል፤ ባትሪው ሲያረጅ የት እንደሚገባ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በዛሬው ዝግጅታችን ይህንኑ እናያለን።

አሮጌ ባትሪ ያለ ጥንቃቄ ሲፈታ ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ ሴኔጋልን መመልከት ይበቃል። በዳካር ዳርቻ በምትገኘው ቲያሮይ ሱር ሜር ሰዎች የተለመደውን የመኪና ባትሪ እየሰበሩ እርሳስ የተባለውን ብረት ያወጡ ነበር። አፈሩ በእርሳስ ተበከለ። የእርሳስ ዋጋ ሲወደድ የሰፈሩ ሰዎች ያንኑ አፈር እየነፉ፣ በከረጢት እየሞሉ ወደ ቤታቸው አስገቡት። እንጀራ ፍለጋ ነበር። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2007 እስከ ማርች 2008 ባሉት ወራት 18 ሕፃናት ሞቱ።

የኤሌክትሪክ መኪና ትልቁ ባትሪ የሊቲየም እንጂ የእርሳስ አይደለም፤ አደጋውም ሌላ ነው። በውስጡ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት አለ፤ የነካውን ሊገድል ይችላል። ከተበሳ ወይም ከተጨፈለቀ በእሳት ይያያዛል፣ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ጠፋ ከተባለም በኋላ ከሰዓታት ምናልባትም ከቀናት ቆይታ በኋላ ዳግም ሊነሳ ይችላል። በጓሮ በመዶሻ የሚከፈት ዕቃ አይደለም።

ታዲያ ቆሻሻ ነውን? አይደለም። ኃይል የመያዝ አቅሙ ከመቶ ወደ 70 ወይም 80 ሲወርድ ለመኪና ባይመች እንኳ የፀሐይ ኤሌክትሪክ ለማጠራቀም ገና ያገለግላል። ከዚያ በኋላ ፋብሪካ ፈጭቶ ማዕድኑን ያወጣዋል። እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። ኒኬልና ኮባልት ያለበትን ባትሪ ፋብሪካዎች ይፈልጉታል። ብዙዎቹ ቻይና ሠራሽ መኪናዎች የሚይዙት ግን በብረትና በፎስፌት የተሠራ፣ እነዚህ ውድ ማዕድናት የሌሉበት ነው። በእሳት የመያያዝ ዕድሉ ያነሰ ቢሆንም ትርፉም ያንኑ ያህል አነስተኛ ነው፤ ትርፍ የሌለው ዕቃ ደግሞ ሜዳ ላይ እንደሚጣል ሁላችንም እናውቃለን። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሕግ አምራቾች ያረጀውን ባትሪ እንዲረከቡ ያስገደደው ለገበያ ብቻ የሚተው ጉዳይ ስላልሆነ ነው።

ስለዚህ መኪና ለመግዛት ያሰባችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከመፈረማችሁ በፊት ባትሪው ሲያረጅ ማን እንደሚረከበው ሻጩን ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። በግጭት የተጎዳ ወይም ያበጠ ባትሪ ያለበትን መኪና ከቤትና ከልጆች አርቃችሁ ገላጣ ስፍራ ላይ አቁሙ፤ ባለሙያም ጥሩ። ለቆራሌው ግን አትስጡ።